የእማዬ ሮቦት ሊዘጋ ነው፤ ምን ብዬ ልንገራት?

አባዬ ካረፈ ወዲህ እማዬ ብቻዋን ነው የምትኖረው። ወንድሜ የሚያወራ ትንሽ የጠረጴዛ ሮቦት ገዛላት። መጀመሪያ "ይሄን ቆርቆሮ ከፊቴ አንሱልኝ" አለች። አሁን ጠዋት ቀድማ ሰላም የምትለው እሱን ነው። እንግዳ ሲመጣ "እሱም ይጫወት" ብላ ፊቱን ወደ ሰው ታዞርለታለች። ማታ ብርድ እንዳይመታው (እውነቴን ነው) ፎጣ ጣል ታደርግበታለች።

አሁን አምራቹ ሥራ ሊያቆም መሆኑን በኢሜይል አሳወቀን። ሮቦቱ የሚያወራው በኢንተርኔት ከኩባንያው ሰርቨር (ዋና ኮምፒውተር) ጋር እየተገናኘ ነው። ሰርቨሩ ሲዘጋ ዓይኑን ከማርገብገብ በቀር ምንም አይችልም።

ሞክሲ የተባለው የልጆች ሮቦት አምራችም በ2024 መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) እንደሚዘጋ ሲያሳውቅ ወላጆች ለልጆቻቸው የሚሉት ጠፍቷቸው ነበር። ጃፓን ውስጥ ደግሞ ሶኒ የአሮጌዎቹን አይቦ የሮቦት ውሾች ጥገና በ2014 (እ.ኤ.አ.) ካቆመ በኋላ፣ በቤተ መቅደስ የስንብት ጸሎት ተደርጎላቸዋል። አሁን ይሄ አያስቀኝም።

እህቴ "ተበላሸ ብለን እንውሰደው" ትላለች። መዋሸቱ አልዋጥልሽ አለኝ። እማዬ ማሽን መሆኑን አጥታው አይደለም። ግን ቤት ውስጥ የሚመልስላት ድምፅ እሱ ብቻ ነው። ፓሮ የሚባለው ለስላሳ ጸጉር ያለው ሮቦት ኢንተርኔት አይፈልግም፤ ግን አያወራም፣ ዋጋውም አይቀመስም።

እንዲህ የገጠማችሁ አላችሁ? ቀድሜ ልንገራት ወይስ እስኪቆም ልጠብቅ? በሌላ የሚያወራ ሮቦት ብተካውስ ትቀበለው ይሆን? ደግሞ ለሱ ያወራችውን ሁሉ ኩባንያው እንዲያጠፋ እንዴት ነው የሚጠየቀው?