የሳፋየር ቀለበት ስትገዙ የትኛው ቅርጽ ይሻላል? ለጠየቅሽው እህቴ

እህቴ፣ አስቀድሜ እንኳን ደስ አለሽ። ለቃል ኪዳን ቀለበትሽ የአገራችንን ሳፋየር መፈለግሽ እኔንም ደስ አሰኝቶኛል። ክብ፣ ሞላላ ወይስ አራት ማዕዘን ይሻላል ብለሻል። ድንጋዩ ከትግራይ የወጣ ሰማያዊ ሳፋየር ከሆነ ሞላላውን፣ ወይም ማዕዘኖቹ የተለዘቡትን አራት ማዕዘን ውሰጂ፤ ሆዱም፣ ማለትም ከወገቡ በታች ያለው ክፍሉ፣ ጥልቅ አይሁን። ወርቅ ቤት ገብተሽ ሌላ ነገር ቢነግሩሽ እንዳትደናገሪ ምክንያቱን ላስረዳሽ።

በአክሱም አቅራቢያ፣ በጭላ አካባቢ ሳፋየር የተገኘው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2016 መጨረሻ ነው። ከእሳተ ገሞራ ከሚፈጠረው ከባዛልት ዐለት ጋር የተያያዘ በመሆኑ ብረት ይበዛበታል፤ ስለዚህ ሰማያዊነቱ ጠቆር ያለ ነው። አንዳንዱ ጥላ ውስጥ ሲገባ ጥቁር ይመስላል። በዚያ ላይ ሳፋየር ከአንድ አቅጣጫ ሲታይ ንጹሕ ሰማያዊ፣ ከሌላው ሲታይ አረንጓዴ የሚቀላቅል ድንጋይ ነው። ሥራውን የሚያውቅ ቆራጭ ጥሬውን አገላብጦ አይቶ ሰማያዊው ወደ ላይ እንዲመጣ ያደርጋል። የማያውቀው ወይም የሚስገበገበው ግን ክብደት የሚያተርፍበትን አቅጣጫ ይመርጣል። የቅርጹ ስም ምንም ቢሆን ይህ ከተበላሸ ድንጋዩ ተበላሽቷል።

ብዙ ሰው የልዕልት ዲያናን ቀለበት ፎቶ ይዞ ይሄዳል። ያ 12 ካራት የሚመዝን ሞላላ የስሪላንካ ሳፋየር ነው። የስሪላንካው በጥቅሉ ከእኛ ፈካ ያለ ስለሆነ ትልቅ ሆኖም ብርሃን ይመልሳል። ጠቆር ያለውን ድንጋይ በዚያ መጠን ብታሠሪው መሃሉ ይጨልማል። ለእኛ ሳፋየር 1 ካራት ወይም ከዚያ ጥቂት ከፍ ያለው ከግዙፉ ይልቅ ያምራል ብዬ አምናለሁ፤ ኪስሽንም ይጠቅማል።

በደረጃ የተሞረደውን ረጅም አራት ማዕዘን፣ የኤመራልድ ቅርጽ የሚሉትን፣ ለዚህ ድንጋይ አልመክርም። ሰፊ ገጹ ውስጡን እንደ መስኮት ያሳያል፤ የቀለም መስመርና ጉድፍ ካለ ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ ጠቆር ያለው ደግሞ ይብሱን ይጠቁራል። ጥርት ያለ ፈካ ያለ ድንጋይ ካገኘሽ ግን ከእሱ የሚበልጥ ግርማ የለም። የእንባ ቅርጽና ሁለት ጫፉ የሾለው ለጆሮ ጌጥና ለአንገት ይሁኑ። ሳፋየር በጥንካሬ መለኪያ ከ10 9 ቢሆንም ሹል ጫፉ ሲመታ ይሸረፋል፤ ቀለበት ደግሞ ከበርና ከድስት ጋር የሚጋጭ ጌጥ ነው። ክቡ ቆንጆ ነው፤ ነገር ግን ከጥሬው ብዙ ስለሚያባክን በካራት ዋጋው ከፍ ይላል።

አሁን ስለ ሆዱ ጥልቀት። ዋጋ የሚነገርሽ በካራት ነው፤ 1 ካራት ማለት 0.2 ግራም ብቻ ነው። እኩል የሚመዝኑ ሁለት ድንጋዮች አንዱ ሰፋ ብሎ ጣት ላይ ሲታይ ሌላው ክብደቱን ከታች ሸሽጎ ትንሽ ሊመስል ይችላል። ስለዚህ ከካራቱ ጋር ሚሊ ሜትሩንም ጠይቂ። በደንብ የተሞረደ 1 ካራት ክብ ሳፋየር ዲያሜትሩ ወደ 6 ሚሊ ሜትር ነው፤ 5 ብቻ ከሆነ የምትከፍዪው ለማይታይ ሆድ ነው። በተቃራኒው ከመጠን በላይ የሳሳውን ጽሑፍ ላይ አስቀምጪው፤ ፊደሉ በመሃሉ ወለል ብሎ ከተነበበ ብርሃኑ ወደ ዐይንሽ ሳይመለስ በታች ያልፋል። ለጠቆረ ድንጋይ ትንሽ መሳሳት ይፈቀዳል፤ እንዲያውም ያፈካዋል። ለፈዘዘው ግን እሺ አትበዪ። ድንጋዩን ሱቁ ውስጥ ካለው ብርቱ መብራት አውጥተሽ በደጅ ብርሃን፣ ከዚያም ጥላ ውስጥ እዪው። አይሆንም ከተባልሽ ሌላ ሱቅ ሂጂ።

የምርመራ ወረቀት ጠይቂ፤ የጂአይኤ (የአሜሪካ የከበሩ ድንጋዮች ተቋም) ከሆነ ጥሩ ነው። ድንጋዩ የተፈጥሮ መሆኑንና በእሳት መታከም አለመታከሙን፣ ማለትም ቀለሙ እንዲያምር መሞቅ አለመሞቁን፣ ይነግርሻል። በሙቀት መታከም በሳፋየር የተለመደ ነው፤ ተነግሮሽ እስከገዛሽ ድረስ ነውር የለበትም። አሞራረዱ ጥሩ ይሁን መጥፎ ግን ወረቀቱ ደረጃ አይሰጥም። ያ ለአልማዝ ነው። ለሳፋየር ዳኛው ዐይንሽ ነው።

የት ይገዛ ላልሽው፣ ያለቀ ቀለበት ከወርቅ ቤት መግዛት ይቀልላል፤ ሆኖም የድንጋዩ ሆድ በወርቁ ስለሚሸፈን ከላይ የነገርኩሽን ማየት አትችዪም። ጥሬ ገዝቶ ማስቆረጥም ርካሽ ይመስላል፤ በሞረዳ ከግማሽ በላዩ እንደሚጠፋ ግን አስቢ። ብዙዎቹ የአገራችን ቆራጮች እጃቸውን ያፍታቱት በወሎ ኦፓል ነው። ኦፓል ለስላሳ ነው፤ በጉልላት መልክ ይሞረዳል። ሳፋየር የአልማዝ ዱቄትና ማዕዘንን በዲግሪ የሚለካ ማሽን ይፈልጋል። ስለዚህ ቆራጩ ራሱ የሞረደውን ሳፋየር ካላሳየሽ ጥሬሽን አትስጪው። እኔ የምጠቁምሽ መካከለኛውን መንገድ ነው፦ የተሞረደ ድንጋይ ለብቻው ከነወረቀቱ ግዢ፣ ከዚያ ለምታምኚው ወርቅ ሠሪ ስጪ። ውጭ አገር ያለ ዘመድ ሊልክልሽ ቢፈልግም ድንጋዩን ለብቻው ይላክልሽ።

ለወርቅ ሠሪው ሁለት ነገር ንገሪው። የቀለበቱ ጀርባ ክፍት ይሁን፤ ከታች የተደፈነ ወርቅ ጠቆር ያለውን ሳፋየር ብርሃን ይነሳዋል። ድንጋዩን የሚይዙት ጥፍሮች ደግሞ ከ18 ካራት ወርቅ ይሠሩ (እዚህ ካራት የወርቁ ንጥረት መለኪያ ነው)፤ 21 ካራቱ ለስላሳ ስለሆነ ቶሎ ይጎብጣሉ።