በርሜላችን ውስጥ የትንኝ እጭ አስቸገረን

ድሬዳዋ የምማር የ2ኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ዶርማችን ውስጥ ስድስት ሴቶች ነን። ውሃ የሚመጣው በ4 ወይም በ5 ቀን አንዴ ነው፣ ያውም ሌሊት። ስለዚህ ተዋጥተን 200 ሊትር የሚይዝ የፕላስቲክ በርሜል ገዛን። ክዳን የለውም።

ባለፈው ሳምንት ለገላ ስቀዳ ጆጉ ውስጥ ቀጫጭን ትሎች አየሁ። ጆጉን ነካ ሳደርገው እየተጠማዘዙ ወደ ታች ይወርዳሉ። የትንኝ እጭ ነው። በ2011 ክረምት ቺኩንጉንያ የሚባለው የትኩሳት በሽታ ከተማውን እንዴት እንዳስጨነቀ የድሬ ልጅ ሁሉ ያስታውሳል። በሽታውን የምታስተላልፈው ትንኝ ደግሞ የምትናከሰው በቀን ስለሆነ የሌሊት አጎበር ብቻውን አያስጥልም። አሁን አንዷ ልጅ ትኩሳት ይዟት ክሊኒክ ሄዳለች። በጣም ጨንቆናል።

ነጠላ አጥፈን በገመድ አሰርንበት። ግን ስድስት ሰው በቀን ስንት ጊዜ ይቀዳል! አንዷ ከፍታ ትረሳዋለች፣ ጨርቁም ውሃው ውስጥ ይገባል። ውሃውን ደፍተን፣ ግድግዳውን በብሩሽ ፈግፍገን ሞላነው፤ በሳምንቱ ተመልሶ መጣ። በረኪና እንጨምር ያለችም አለች፤ እኔ ግን ፊታችንን በምንታጠብበት ውሃ ላይ ፈራሁ።

አሁን ያሰብነው ከላይ ጥርቅም አድርገን ዘግተን፣ ከግርጌው በቧንቧ መቅዳት ነው። እዚሁ ድሬ፣ ቀፊራ ወይም ታይዋን ገበያ አካባቢ እንዲህ ያለ በርሜል በስቶ፣ ሳያፈስ ቧንቧ የሚገጥም ባለሙያ የት እናገኛለን?