የወሰን ጥያቄ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 39 ነው ወይስ በ48?

ጠያቂ (ደብረ ማርቆስ)፦ ሁለት ክልሎች ይገባኛል የሚሉት ወረዳ ጥያቄውን በየትኛው አንቀጽ ያቅርብ? እዚህ ሁሉም 39 (የራስን ዕድል በራስ መወሰን) ይላል።

መልስ፦ ወረዳው የማን ይሁን ከሆነ 48 ነው። መጀመሪያ ክልሎቹ ይደራደራሉ፤ ካልተስማሙ የፌዴሬሽን ምክር ቤት የሕዝብን አሰፋፈርና ፍላጎት መሠረት አድርጎ በ2 ዓመት ውስጥ ይወስናል። አዲስ ክልል መመሥረት ግን 47 ነው፦ የብሔረሰቡ ምክር ቤት 2/3 ድምፅ፣ ከዚያ በ1 ዓመት ውስጥ ሕዝበ ውሳኔ።

መልስ፦ የ1 ዓመቱን ቀነ ገደብ አትመኑት። የሲዳማ ምክር ቤት ክልል ለመሆን ሐምሌ 2010 ወስኖ የሕዝብ ድምፅ የተሰጠው ኅዳር 10 ቀን 2012 ነው።

መልስ፦ ከቀኑ ይልቅ የሚያበላሸው የመራጮች መዝገቡ ነው። ተፈናቃዩ ሳይመለስ ከተመዘገበ «የሕዝብ ፍላጎት» የሚባለው የቀሪው ብቻ ይሆናል። መታወቂያው የተቃጠለበትስ በምን ይረጋገጣል? ሞሮኮ የእኔ የምትለው የምዕራብ ሰሃራ ሕዝበ ውሳኔም የተሰናከለው «ማን ይምረጥ» ላይ ነው። ደግሞ 48 ሕዝበ ውሳኔ የሚል ቃል የለውም፤ ፍላጎቱ በምን እንደሚለካ ቀድማችሁ በጽሑፍ ጠይቁ።