የመጀመሪያ ሰይፌን ከሱቅ ልግዛ ወይስ ኦንላይን?

ጀማሪው ሰብሳቢ፦
ሰላም ቤተሰብ። ሰይፍ መሰብሰብ ልጀምር ነው። እስካሁን ያለኝ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ አንድ የጌጥ ጎራዴ ነው፤ እሱም ስጦታ። አሁን ሁለት ሰይፎች ላይ ዓይኔን ጥያለሁ። አንዱ ኦንላይን የሚሸጥ አዲስ ካታና (ጎባጣው የጃፓን ሰይፍ) ነው፤ «1095 ስቲል፣ በእጅ የተቀጠቀጠ» ይላል። ሌላው አሮጌ ዕቃ የሚሸጥ ሱቅ ውስጥ ያገኘሁት የጃፓን ወታደር ሰይፍ ነው። ሻጩ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ነው ብሎኛል። እጀታው ገመድ የተጠመጠመበት ይመስላል፤ ሲነኩት ግን ቀለም የተቀባ ብረት ነው። ዋጋው የኦንላይኑ እጥፍ ነው። የትኛው ይሻለኛል?

ዝገት ጠላቴ፦
ሁለቱን በአንድ ሚዛን አትመዝናቸው። አዲሱ ካታና አምሳያው ብዙ ነው። ሠሪው የታወቀ ከሆነና ብዙ ሰው ገዝቶ አስተያየት ከጻፈበት፣ ኦንላይን መግዛቱ አያስፈራም። አሮጌው ግን እያንዳንዱ የራሱ ታሪክ አለው። እሱን ሳይነኩ መግዛት ዓይንን ጨፍኖ ገደል እንደመግባት ነው።

በ1095ም ቶሎ አትሸወድ። ቁጥሩ የካርቦኑን መጠን ነው የሚናገረው። 1045 ማለት 0.45 በመቶ ገደማ፣ 1060 ማለት 0.60፣ 1095 ደግሞ 0.95 ነው። ካርቦኑ ሲጨምር ብረቱ የበለጠ ሊጠነክር ይችላል፤ የማጋሉና የማቀዝቀዙ ሥራ ከተበላሸ ግን እንደ ብርጭቆ ይሰበራል። በደንብ የተሠራ 1060 በችኮላ ከተሠራ 1095 ሺህ ጊዜ ይሻላል። ስቴይንለስ (የማይዝግ ብረት) የሚል ካየህ ደግሞ ስቀለው እንጂ እንዳትወዘውዘው። ለቢላ ምርጥ ነው፤ በሰይፍ ርዝመት ግን ተሰባሪ ነው።

አንዴ የተበላው፦
የእኔን ስማና ተማር። ኦንላይን ገዛሁ፤ ፎቶው ላይ ሲያዩት ልብ ይሰርቃል። እቤት ደርሶ ሳወዛውዘው እጀታው ውስጥ ቅጭል ቅጭል ይላል። ስፈታው ምን ባይ ጥሩ ነው? ስለቱ እጀታው ጋ ሲደርስ ያልቃል። ከዚያ ወዲያ ያለው እርሳስ የምታህል ቀጭን ዘንግ ናት፣ በብየዳ የተለጠፈች። አንድ ቀን ጠንከር አድርጌ ብሰነዝረው ስለቱ ተፈናጥሮ ሰው ላይ ያርፍ ነበር።

ስለዚህ ከመክፈልህ በፊት ሻጩን «እጀታውን አውልቀህ ፎቶ ላክልኝ» በለው። ካታና እጀታው ላይ የሚያዘው በቀርከሃ ችንካር ነው። ችንካሩን መትቶ ማውጣት ለሚያውቅበት ሰው የደቂቃዎች ሥራ ነው። ሰበብ ካበዛ ተወው። ክብደቱንም ጠይቅ። ካታና አብዛኛውን ጊዜ ከ1 እስከ 1.3 ኪሎ ግራም ነው። 2 ኪሎ ከተባልክ የያዝከው ሰይፍ ሳይሆን ፍልጥ ነው። (የመመለሻ ደንቡንም አንብብ። እኔ ሳላነብ ነው የከፈልኩት፤ እስካሁን ያቃጥለኛል።)

አሮጌ ብረት፦
እኔ ደግሞ ስለ ሱቁ ሰይፍ ልበል። የተቀባ የብረት እጀታ ስትል ገባኝ። ዕውነተኛ ከሆነ በ1935 እ.ኤ.አ. የወጣው ታይፕ 95 የሚባለው ነው፤ ለበታች ሹሞች በማሽን በብዛት የተሠራ። የመጀመሪያዎቹ እጀታቸው መዳብ ነው፣ የኋለኞቹ አሉሚኒየም። የመኮንኖቹ ግን እውነተኛ ጥምጥም አላቸው።

ስለቱ ላይ፣ ወደ እጀታው ጠጋ ብሎ፣ የተመታ ተከታታይ ቁጥር ፈልግ። ሰገባው ላይም ያው ቁጥር መኖር አለበት። ይህ ሰይፍ በጣም ነው የሚኮረጀው። ኮፒዎቹ ላይ ቁጥሩ የተንጋደደ ሆኖ ታገኘዋለህ፤ ስለቱ ላይ በርዝመቱ የሚሄደው ቦይም ሸካራ ይሆናል። ይህን ፎቶ ብዙ ጊዜ ይደብቀዋል፣ ጣት ግን ያገኘዋል። የሱቅ ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው።

አንድ ልመና አለኝ፦ ሰይፉን ብትገዛው በአሸዋ ወረቀት እንዳታጸዳው። በእጅ የተቀጠቀጠ አሮጌ የጃፓን ሰይፍ ካጋጠመህማ እጀታው ውስጥ ያለውን የብረቱን ጭራ ፈጽሞ እንዳትነካ። አዋቂ ዕድሜውን የሚገምተው ከዚያ ጥቁር ቡናማ ዝገት ነው። ስለቱን ግን ስስ የማዕድን ዘይት ቀባው። የቆዳ ሰገባ ውስጥም አታስቀምጠው፤ ቆዳ እርጥበት ይይዛል።

ባለ ጉምሩክ፦
ኦንላይን ከሆነ ከሁሉ በፊት የአገርህን ሕግ እይ። ለምሳሌ በእንግሊዝና በዌልስ ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ስለቱ 50 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ የሆነ ጎባጣ ሰይፍ መሸጥም ከውጭ ማስገባትም የተከለከለ ነው። በባህላዊ ዘዴ በእጅ ለተሠሩ ግን ሕጉ በር ትቷል። ጉምሩክ ላይ የተያዘ ሰይፍ ደግሞ ሻጩን አያሳስበውም፤ ገንዘቡን አንዴ በልቷል።

ጀማሪው ሰብሳቢ፦
ተባረኩ! ዛሬ ተመልሼ ሄድኩ። ስለቱ ላይ ያለው ቁጥር ቀጥ ብሎ በደንብ የተመታ ነው፤ ቦዩም ለስላሳ ነው። ሰገባው ላይ ግን ሌላ ቁጥር ነው ያለው። ሻጩን ስጠይቀው «ያው በጦርነት ተቀያይሮ ነው» አለኝ።

አሮጌ ብረት፦
ሊሆን ይችላል፣ ያጋጥማል። ስለቱ ደህና ይመስላል። ግን ቁጥሩ ያልገጠመ በገጠመው ዋጋ አይሸጥም። ይህንኑ ንገረውና አስቀንስ።

ጀማሪው ሰብሳቢ፦
በቃ ነገ ልከራከር ነው። ካታናው ይቆየኝ፤ ሻጩ የእጀታውን ፎቶ እስኪልክ እየጠበቅኩ ነው። ሦስተኛ ቀኑ ነው።

አንዴ የተበላው፦
እንግዲያ መልሱን ልኮልሃል።