ፊየስታዬን ቲዩን ላስደርግ ነው፤ ከሦስቱ ማንን ልመን?

ትንሿ_ፎርድ

ሰላም ለሁላችሁ። የመኪናዬን ሞተር የሚያዘውን ኮምፒውተር ፕሮግራም አስቀይሬ ጉልበት ላስጨምር ነው፤ ቲዩን የሚሉት እሱን ነው። ያለሁት ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ነው። መኪናዬ የ2016 ፎርድ ፊየስታ ኤስቲ ናት። 1.6 ሊትር፣ ባለ ተርቦ፣ ባለ ስድስት ማርሽ ማንዋል። 78,000 ማይል ሄዳለች። አምና ከአንድ ጡረተኛ ነው የገዛኋት።

የሌሊት ተረኛ ነርስ ነኝ። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ስወጣ ሰው ሁሉ ወደ ዲሲ ይገባል፣ እኔ በባዶው መስመር ወደ ቤቴ። ያቺ 25 ደቂቃ የእኔ ናት። ስልክ አላነሳም።

197 የፈረስ ጉልበት ለእንዲህ ያለች ትንሽ መኪና ያንሳል አልልም። ግን ሰው መቼ ይጠግባል። ሦስት አማራጭ አለኝ።

አንደኛው፣ ኮብ አክሰስፖርት የሚባለውን የፕሮግራም መጫኛ መሣሪያ ገዝቼ ስቴጅ 1 የሚሉትን ዝግጁ ፕሮግራም ራሴ መጫን። አንድ ልጅ ያገለገለ ሊሸጥልኝ ነው። ሁለተኛው ሜሪላንድ ያለ፣ ዳይኖ (የመኪና ጉልበት መለኪያ ማሽን) ያለው ጋራዥ ነው። በስልክ “240 የፈረስ ጉልበት ጎማው ላይ አወጣልሻለሁ፣ በአንድ ሰዓት ትሄጃለሽ” አለኝ። 650 ዶላር። ሦስተኛው ሌላ ስቴት ያለ ሰው ነው፤ መኪናዋን አያያትም። ሎግ፣ ማለት በዚያው መሣሪያ ስነዳ የሚቀዳውን የሞተሩን መዝገብ እልክለታለሁ፣ የፕሮግራም ፋይል ይልክልኛል፣ እንደዛ እየተመላለስን። ይሄኛው ገና ዋጋ ሳይነግረኝ አሥራ አንድ ጥያቄ ላከልኝ። ትንሽ ደከመኝ።

ማንን ልምረጥ? እናቴ ደህና መኪና ማስከፈት ደህና ጥርስ እንደ ማስነቀል ነው ባይ ናት። እሷን ለጊዜው እንተዋት።

ደረጃ_ሁለት

ወንድሜ ምን ያስጨንቅሃል፣ ሜሪላንድ ሂድ። ዳይኖ ላይ ያልወጣ ቲዩን ቲዩን አይደለም። በኢሜይል መኪና ይሠራል እንዴ? የእኔን ፎከስ ኤስቲ አውቃታለሁ፣ ኢ85 የሚባለውን የኢታኖል ነዳጅ ከ93 ኦክቴን ቤንዚን ጋር ቀላቅዬ ነው የምነዳው፣ ትበራለች። የጭስ ማጣሪያውን ካታሊስት አውጥተህ ባዶ ቱቦ ብታስገባ ደግሞ ድምፁ ራሱ ይለያል።

ትንሿ_ፎርድ

እህቴ በል። ካታሊስቱ ባለበት ይቆያል። በዚህ ዓመት ኢሚሽን (የጭስ ምርመራ) አለብኝ።

ጋሽ_ካንዴላ

እህቴ፣ ከሥራ ወጥቼ ነው ያየሁት፣ ይቅርታ ይረዝማል።

ስፓና የያዝኩት አዲስ አበባ፣ ሶማሌ ተራ አጠገብ ነው። ያኔ ቲዩን ማለት ካርቡራተር ማጠብና ካንዴላ በብርጭቆ ወረቀት መፈተግ ነበር። እዚህ አገር ከመጣሁ ከ20 ዓመት በላይ ሆነኝ፣ አሁንም ጋራዥ ነኝ። ቲዩነር አይደለሁም። ቲዩነሮች ያበላሹትን ግን ብዙ ከፍቻለሁ። አንዱ የራሴ ነበር።

መጀመሪያ ምን እየገዛሽ እንደሆነ ልንገርሽ። ኮምፒውተሩ ውስጥ ሠንጠረዦች አሉ። ነዳጅ መስጫውን ይህን ያህል ስትረግጪ ይህን ያህል ጉልበት ስጥ፣ ለዚያ ጉልበት ተርቦው ይህን ያህል አየር ይግፋ፣ ካንዴላው በዚህች ቅጽበት ይተኩስ ይላሉ። የተርቦውን ግፊት መጨመር ማንም ይችላል። ሙያው ካንዴላው መቼ ይተኩስ የሚለው ላይ ነው። አብዝቶ ከቀደመ ሙቀቱና ግፊቱ ልክ ያልፋል፣ ያልነደደው ነዳጅ በራሱ ጊዜ ይፈነዳል። ማንኳኳት የምንለው እሱን ነው። የአንቺ ሞተር ማንኳኳቱን የሚሰማ ሴንሰር አለውና ወዲያው መተኮሻውን ያዘገያል። ጥሩ ነው። ግን መጥፎ ቲዩነር ሥራውን በሙሉ ለሴንሰሩ ይተውለታል። ሞተሩ በየቀኑ እየተመታ፣ ኮምፒውተሩ በየቀኑ እያዳነው ትነጃለሽ። አንድ ቀን አያድነውም።

2014 ላይ ጎልፍ ጂቲአይ ነበረችኝ። ስሙን የማልጠራው ሰው ዳይኖ ላይ አወጣት፣ በአንድ ሰዓት ጨረሰ፣ የሚያምር ግራፍ ያለው ወረቀት ሰጠኝ። ወረቀቱን ፍሪጅ ላይ ለጠፍኩት፤ የልጄ ሰርተፊኬት እንኳ ከእሱ በታች ነበር። ያ የሆነው በመጋቢት ብርድ ነው። ነሐሴ ላይ ቤተሰብ ጭኜ ወደ ሼናንዶዋ ዳገቱን ስወጣ መንቀጥቀጥ ጀመረች። ቴስታታውን ሳነሳ የሁለተኛው ሲሊንደር ፒስተን ቀለበት መቀመጫው ላይ ተሰብሯል። ሰውየው ጋ ደውዬ “የዚያን ቀን ሎግ ላክልኝ” አልኩት። አላስቀመጠውም። በብርድ የተቀመረውን በሙቀት የሚፈትነው ሰው አልነበረም፣ እኔም አልጠየቅኩም። ወረቀቱን ከፍሪጁ ያነሳችው ሚስቴ ናት።

ስለዚህ 240 ያለሽ ሰው ጋ አትሂጂ። ዳይኖ ስላለው አይደለም፣ ዳይኖ ጥሩ ነገር ነው። መኪናዋን ሳያያት፣ ምን ነዳጅ እንደምትጠቀሚ ሳይጠይቅ ቁጥር ስለማለልሽ ነው። ዳይኖ ሚዛን ነው፣ የመርካቶን ሚዛን ደግሞ ታውቂዋለሽ። ሙስታንግ የሚባለው ዳይኖ ከዳይኖጄት ዝቅ ያለ ቁጥር ያወጣል፣ ያንኑ መኪና። ሚዛኑ የማን እንደሆነ ሳይነገረኝ 240 ምንም ማለት አይደለም። እኔ የምጠይቀው ሳትነካ በፊት፣ በዚያው ሚዛን፣ በዚያው ቀን ስንት ነበረች ብዬ ነው።

አሥራ አንድ ጥያቄ የላከልሽን ሰው ግን ወደድኩት። ካንዴላው መቼ ተቀየረ ብሎሻል? የምትቀጂው 93 ነው ወይ ብሎሻል? በፋብሪካው ፕሮግራም የተያዘ ሎግ አስቀድመሽ ላኪ ብሎሻል? እነዚህን ካለ ግማሹን ፈተና አልፏል። ቀሪውን አንቺ ጠይቂው። በጋ ሲመጣ ፋይሉን ድጋሚ ያያል ወይስ እንደ አዲስ ያስከፍላል? ፋይሉን ይቆልፈዋል? ወደ ፋብሪካው መመለስ ስትፈልጊ ራስሽ ትችያለሽ ወይስ እሱን መለመን አለብሽ? ከታች፣ በደቂቃ ከ2,000 እስከ 3,000 ዙር ባለው፣ ምን ያህል ጉልበት ይሰጣል?

የመጨረሻዋን ቀላል አድርገሽ አትያት። በቀጥታ ወደ ሲሊንደር ነዳጅ የሚረጩ ትንንሽ የተርቦ ሞተሮች አንድ ጠባይ አላቸው። በስድስተኛ ማርሽ ቀስ ብለሽ እየሄድሽ ድንገት እስከ ወለሉ ከረገጥሽ፣ ካንዴላው ሳይተኩስ የዘይት ጠብታ ነዳጁን ሊለኩሰው ይችላል። ያኛው ሴንሰሩ ሊያድነው የማይደርስበት ነው፤ ፒስተን የሚሰብረው በአንድ ምት ነው። ልባም ቲዩነር ከታች ጉልበቱን ሆን ብሎ ይቀንሳል። ወረቀቱ ላይ አያምርም። አንቺም ማርሽ ቀንሰሽ ርገጪ፣ ዘይቱም ኤፒአይ ኤስፒ የሚል ይሁን፤ ለዚሁ ችግር የተፈተነ ነው።

የተዘጋጀው ስቴጅ 1ም ነውር የለበትም። ለብዙ መኪና ስለተሠራ ረጋ ያለ ነው። እውነቱን ልንገርሽ፣ ለ25 ደቂቃ መንገድ እሱ ይበቃል። ያገለገለ መሣሪያ ስትገዢ ግን ተጠንቀቂ። አክሰስፖርት ከአንድ መኪና ጋር “ይጋባል”፤ የቀድሞው ባለቤት ከመኪናው ላይ በደንብ ሳያወርደው ከሸጠው የአንቺን አይቀበልም። ሳይፋታ የመጣ ባል ነው። ገንዘብ ከመስጠትሽ በፊት መፋታቱን አረጋግጪ።

ኢሚሽን ካለብሽ መጀመሪያ እሱን ጨርሺ። አዲስ ፋይል ሲጫን ኮምፒውተሩ የራሱን ምርመራዎች ከዜሮ ይጀምራል፣ “ገና አልተዘጋጀም” ብለው ይመልሱሻል። ካታሊስት ማውጣትም በፌዴራል ሕግ የተከለከለ ነው፤ ወንድማችን ደረጃ ሁለት ይሰማል።

አንድ ነገር ረስቼ። ፎርድ በ2017 በዚህ 1.6 ሞተር ላይ ሪኮል (መኪኖቹ ለጥገና ይመለሱ የሚል ጥሪ) አውጥቶ ነበር። የራዲያተር ውኃ ሲጎድል ቴስታታው ሞቆ ይሰነጠቃል፣ ዘይት ያፈሳል፣ እሳትም ያስነሳል። የ2014 እና የ2015 ፊየስታ ኤስቲዎች አሉበት። የአንቺ 2016 ናት፣ ቢሆንም የሻንሲ ቁጥሯን ፈትሺ። ውኃዋንም በየሳምንቱ እዪ። ቲዩን ሙቀት ነው የሚጨምረው።

ደረጃ_ሁለት

ጋሼ፣ ሰምቻለሁ። ግን የእኔ ሁለት ዓመት ሆናት፣ ምንም አላለችም።

ጋሽ_ካንዴላ

የእኔም አምስት ወር ምንም አላለችም። ሎግ አለህ?

ደረጃ_ሁለት

…የለኝም።

ባለቪትዝ

ከአዲስ አበባ ነኝ። ጋሼ፣ እግረ መንገዴን ልጠይቅዎት። 1.0 ሊትር ቪትዝ አለችኝ። አንድ ልጅ “ቺፕ እናስገባላት፣ የእንጦጦን ዳገት በሦስተኛ ትወጣለች” አለኝ። የነዳጅ መኪና ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ ያለችኝን መንከባከብ ነው የያዝኩት። ይሠራል?

ጋሽ_ካንዴላ

ገንዘብህን አታውጣ፣ ልጄ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ናት። አየሩ ከባሕር ዳርቻው ሩብ ያህል ስስ ነው። ተርቦ ያላት መኪና ፈጥና እየዞረች የጎደለውን ታሟላለች። የአንተ ቪትዝ ተርቦ የላትም፤ የሚገባላትን አየር ብቻ ነው የምትተነፍሰው። ሠንጠረዡን ብትቀይረው አየር አይፈጠርም። ያንን ገንዘብ ለአየር ማጣሪያና ለካንዴላ አድርገው፣ ፍሪሲዮኑንም አሳይ። እንጦጦን በሁለተኛ ውጣ፣ ምን አለበት።

ባለቪትዝ

ተባረኩ። በሁለተኛ እወጣለሁ።

ትንሿ_ፎርድ

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሁለት ጥያቄ ብቻ። ሎግ የት ነው የምይዘው? እና ሎጉን ራሴ ማንበብ እችላለሁ ወይስ የሐኪም ጽሑፍ ነው?

ጋሽ_ካንዴላ

የሐኪም ጽሑፍ ታነቢ የለ እንዴ? ይሄ ይቀላል።

ሎግ የሚያዘው በአንድ ማርሽ፣ ብዙ ጊዜ በሦስተኛ ወይም በአራተኛ፣ ከታች ጀምሮ እስከ ላይ እየረገጥሽ ነው። ስለዚህ 395 አውራ ጎዳና ላይ እንዳታደርጊው። ቨርጂኒያ ከ85 ማይል በላይ መንዳት ተራ ቅጣት አይደለም፣ ፍርድ ቤት የሚያስቆም ወንጀል ነው። ነርስ ነሽ፣ ፈቃድሽን አስቢ። ዶሚኒየን ሬስዌይ ወይም ሰሚት ፖይንት የሚባሉት የመኪና ውድድር ሜዳዎች ክፍት ቀን ሲኖራቸው ሂጂ።

ስታነቢው የእያንዳንዱን ሲሊንደር የመተኮሻ ማስተካከያ እዪ። አራት ዓምድ ነው። ቁጥሩ ከዜሮ በታች ሲወርድ ኮምፒውተሩ እያዘገየ ነው ማለት ነው። አልፎ አልፎ ትንሽ ቢወርድ አያስፈራም። አንዱ ሲሊንደር ብቻ ደጋግሞ ከወረደ ግን የሚናገረው ነገር አለ። ከዚያ ኦኤአር የሚል ታገኛለሽ፤ ኮምፒውተሩ ስለ ነዳጅሽ የያዘው ግምት ነው። ፎርድ ላይ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፣ ጥሩው ነጌቲቭ 1 ነው።

ትንሿ_ፎርድ

ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመልሻለሁ።

ሜሪላንድ ደውዬ “ከመነካቷ በፊት ያለውን ቁጥር በዚያው ቀን ታሳየኛለህ?” አልኩት። “ለምን ይጠቅምሻል?” አለኝ። “ሎጉንስ ትሰጠኛለህ?” ስለው “የሙያ ምስጢር ነው” ብሎ ዘጋው። በትህትና ነው የዘጋው፣ አልዋሽም።

መሣሪያውን ከልጁ ገዛሁ፣ አስፋትቼ። ኢሚሽኑን አስቀድሜ አለፍኩ። ከዚያ ለሩቁ ሰው የፋብሪካውን ሎግ ላክሁለት፣ ምንም ሳይነካ። ማታ ልኬ ጠዋት ከሥራ ስወጣ መልሱ ደርሷል። “ገንዘብሽን ገና አልቀበልም” ይላል። ኦኤአሩ ዜሮ አካባቢ ቆሟል፤ ኮምፒውተሩ ነዳጇን ገና እንደ ጥሩ አልቆጠረውም ማለት ነው። ሦስተኛው ሲሊንደር ደግሞ በፋብሪካው ፕሮግራም እንኳ ደጋግሞ እየወረደ ነው። “ካንዴላ ቀይሪ፣ ሦስት ታንክ 93 ንጂ፣ ከዚያ ድጋሚ ሎግ ላኪ” አለኝ። ሜሪላንድ ሄጄ ቢሆን በዚህ ላይ ነበር 240 የሚጫንባት።

ቅዳሜ ካንዴላዎቹን ራሴ ልፈታ ነው። ሞተር ስከፍት የመጀመሪያዬ ነው። እናቴ ወንበር አምጥታ ልታይ ነው ብላለች።

ጋሽ_ካንዴላ

ሞተሩ ቀዝቅዞ ይሁን። አዲሶቹን ክፍተታቸውን ለክተሽ አስገቢ፣ ለቲዩን ትንሽ ጠበብ ይደረጋል፤ ልኩን ሰውየውን ጠይቂው። አሮጌዎቹን ደግሞ አትጣያቸው። ከየትኛው ሲሊንደር እንደወጡ ጻፊባቸውና የሦስተኛውን ጫፍ በቅርብ ፎቶ አንስተሽ እዚሁ ለጥፊልኝ።