የወረዳው በጀት ጨመረ እየተባለ ጤና ጣቢያው መድኃኒት የሚያጣው ለምንድን ነው?

ጥያቄ (ከመንዝ)፦
ጤና ይስጥልን። ባለፈው ሳምንት እናቴን ለደም ግፊቷ ወደ ጤና ጣቢያ ይዣት ሄጄ ነበር። ነርሷ በአክብሮት አየቻት፤ መድኃኒቱ ግን የለም ስለተባለ የጤና መድን መዋጯችንን በወቅቱ ከፍለን ሳለ ማዘዣውን ይዘን ከግል ፋርማሲ ገዛን። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 መንግሥት ለጤና፣ ለትምህርትና ለሌሎች ማኅበራዊ አገልግሎቶች በየጊዜው እየጨመረ የሚሄድ ሀብት እንደሚመድብ ይደነግጋል። ታዲያ ጭማሪው የት ይገባል?

መልስ 1 (የቀድሞ የወረዳ ገንዘብ ጽሕፈት ቤት ሠራተኛ)፦
እናትዎን እግዚአብሔር ይማርልዎት። ከክልል የሚመጣው ጥቅል በጀት ወረዳው ከሚሰበስበው ገቢ ጋር ተደምሮ ሲደለደል አስቀድሞ የሚነሳው ደመወዝ ነው፤ የመምህሩና የነርሷ ደመወዝ ሊነካ አይችልም፣ አይገባምም። ለሥራ ማስኬጃ የምትተርፈውን ጥቂት ብር ነዳጅ፣ ጥገናና የጽሕፈት መሣሪያ ይሻሟታል። የዋጋ ንረቱ ሲታከልበት በወረቀት ላይ ያደገው ገንዘብ ከአምናው ያነሰ ዕቃ ይገዛል። ስለዚህ ጭማሪ ሲነገርዎት ለደመወዝ ስንት፣ ለሥራ ማስኬጃ ስንት ብለው ይጠይቁ።

መልስ 2 (የጤና ባለሙያ)፦
በዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ጤና ጣቢያ የውስጥ ገቢውን፣ ማለትም ከታካሚዎች የሚሰበስበውን ክፍያ፣ ለራሱ እንዲጠቀምበት ስለተፈቀደለት መድኃኒት የሚገዛው በአብዛኛው ከዚሁ ገንዘብ ነው። በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች በሙከራ የተጀመረው ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን ለታከሙት አባላት የሚከፍለውም ወደዚሁ ቋት ይገባል። ክፍያው ከዘገየ መደርደሪያው ይራቆታል።

መልስ 3 (መምህር፣ ከደብረ ብርሃን ዙሪያ)፦
በእኛም ትምህርት ቤት ያው ነው። የመማሪያ ክፍሉን ሕዝቡ ድንጋይ አቅርቦና ገንዘብ አዋጥቶ ገነባው፤ የእኔ ደመወዝም ከበጀት ይመጣል፤ ባለቤት ያጣው በመካከል ያለው መጽሐፍና ጠመኔ ነው። አንዱን የሒሳብ መጽሐፍ አራት ልጆች ከበው ሲያነቡ ዳር ያለችው ልጅ አንገቷን አስግጋ የምታየው ግማሹን ገጽ ብቻ ነው። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ስለሚጀምር ጥያቄያችን ለምክር ቤት አባላት አስቀድሞ መድረስ አለበት፤ ከጸደቀ በኋላ ግን ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሆናል።

ጠያቂው፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የወረዳው በጀት በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ መለጠፍ እንዳለበት አውቃለሁ፤ ደመወዝና ሥራ ማስኬጃን ለይቼ ግን አንብቤው አላውቅም። በገበያ ቀን ስወጣ ሁለቱን ቁጥሮች ገልብጬ እዚሁ አሰፍራቸዋለሁ።