የዝዋይ ቆሮሶ ለምን አነሰ? የጋራ ፕሮፖዛል የዕቅድ ውይይት

የማኅበሩ ጸሐፊ፦
የተከበራችሁ አባላት፣ ለወረዳው የምናቀርበው ረቂቅ ቆሮሶ (ቲላፒያ) የተባለው ዓሣችን በመጠን ያነሰው ዓይኑ በጠበበ መረብ ምክንያት ነው ብሎ፣ የመረብ ዓይን በሁሉም ጀልባ ላይ እንዲሰፋ ይጠይቃል። አስተያየት ይጨመርበት።

የመረብ ክፍል ኃላፊ፦
እደግፋለሁ። ከአንድ ወጥ የፕላስቲክ ክር የሚሠራው ሞኖፊላመንት መረብ ከተስፋፋ ወዲህ ገና ያልወለደ ዓሣ ነው ወደ ገበያ የምናወጣው። ጥያቄያችን በዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ላይ ቢመሠረት ክብደት ይኖረዋል።

አንድ ነባር አባል፦
ስለ መረቡ የተባለው እውነት ነው፤ ነገር ግን ትንሽ ዓሣ ሁሉ ለጋ ዓሣ አይደለም። ቆሮሶ ውኃው ሲከፋበትና ምግቡ ሲያንስ ዕድገቱን ገትቶ በትንሽነቱ መራባት ይጀምራል። ለጋው ጀርባው ሞላ ያለ ሲሆን፣ የቀጨጨው ግን ጭንቅላቱና ዓይኑ ጎልተው ጀርባው ይሳሳል፤ ሆዱ ሲከፈትም መዳፍ በማይሞላ ዓሣ ውስጥ የበሰለ ዕንቁላል ይገኛል። የበዛው ለጋው ከሆነ ጥፋቱ የመረባችን ነው፤ የበዛው የቀጨጨው ከሆነ ግን መረብ ማስፋት እኛን ባዶ እጃችንን ከመመለስ በቀር ዓሣውን አያሳድገውም።

ሐይቃችን ወደ 440 ካሬ ኪሎ ሜትር ቢሰፋም አማካይ ጥልቀቱ ከ3 ሜትር አይበልጥም፤ ስለዚህ ከመቂና ከቀጣር ወንዞች የሚገባው ውኃ ሲያንስ ወይም የመስኖ ፓምፖች ሲበዙ፣ ትንሽ የምትመስል የውኃ መቀነስ ሰፊ ዳርቻ ታደርቃለች። የሚደርቀውም ፊላ የበቀለበት፣ እናቲቱ በአፏ ይዛ ያቆየቻቸውን ጫጩቶች የምትለቅበት ጥልቀት የሌለው ውኃ ነው። ከዚህም በላይ ነፋስ ደለሉን ከሥር ሲያነሣው ብርሃን ወደ ውስጥ ስለማይዘልቅ ቆሮሶ የሚመገበው አልጌ ይመነምናል። ይህን የማይነካ ፕሮፖዛል ጥፋቱን ሁሉ በገዛ እጃችን በራሳችን ላይ መጫን ይመስለኛል።

የመረብ ክፍል ኃላፊ፦
ጋሼ፣ የሚሉት ቢገባኝም፣ ውኃውን ከወቀስን ጠባብ መረብ የያዘው ሁሉ ከኋላችን ይደበቃል ብዬ እሰጋለሁ። ደግሞስ ውኃው ጎድሎ ከሆነ ባለፈው ሰሞን ያን ያህል ዓሣ ከየት መጣ?

በዓሣ ማጽዳት ሥራ ላይ ያሉ አባል፦
ውኃው ሲደፈርስ ዓሣው መረቡን ስለማያይ ብዙ ይያዛል፤ የአንድ ሰሞን ብዛት የሐይቁን ጤንነት አያሳይም። ስለሆነም ስንት መረብ ለስንት ሰዓት እንደተጣለና ውኃው የጠራ ወይም የደፈረሰ መሆኑ አብሮ ይመዝገብ። ሆዱን በየቀኑ የምንከፍተው እኛ ነን፤ ርዝመቱን ለክተን፣ ዕንቁላል መያዙንና ጀርባው መሳሳቱን ከፊላው ዳርና ከመሀል ሐይቅ ለይተን ልንጽፍ እንችላለን። የመለኪያ ጣውላና ደብተር ብቻ ይሰጠን።

የማኅበሩ ጸሐፊ፦
እንግዲያው የመረቡ ጥያቄ ሞኖፊላመንት ይቅር በሚለው ላይ ብቻ ጸንቶ፣ የዓይን ስፋቱ ከምዝገባው በኋላ እንዲወሰን ረቂቁን አሻሽላለሁ። ምዝገባው በጋንና ክረምትን ያካትታል፤ የዓሣውን ዕድሜ ከጆሮ ድንጋዩ፣ ማለትም በጭንቅላቱ ውስጥ ካለችው ጠንካራ ጠጠር፣ እንዲያነቡልን የባቱን የዓሣ ምርምር ማዕከል በደብዳቤ እንጠይቃለን። ከዚህ በፊት የተነሣውን፣ የፊላው ዳር ለመራቢያ ይዘጋ የሚለውን ሐሳብ ግን፣ ከዚያ ውጭ የማይሠሩ ባለ ትንንሽ ጀልባ አባላት ሳይሰሙ ስለማላስገባው፣ በሚቀጥለው ስብሰባ እነሱ ቀድመው ይናገሩ።